አስምም ወገብም እያለ ስፖርት መጀመር፦ ጠይቁኝ

ወገቤን ተጎድቼ ወደ ስፖርት እንዴት እንደተመለስኩ ባለፈው ስጽፍ የጥያቄ መዓት ወረደብኝ። ግማሹ አስምም የወገብ ሕመምም ካለባቸው ሰዎች ነው። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ «ዶክተር» የምትሉኝ ተዉኝ። አስሙ ከልጅነቴ አብሮኝ ያደገ ነው። ወገቤን የጎዳሁት ደግሞ፣ ሳቁብኝ ግን ስሙኝ፣ ስንቱን ሰው «ዕቃ ስታነሳ እንዲህ ቁም» እያልኩ ሳስተምር ኖሬ፣ ራሴ አንድ ከባድ ታካሚ በጥድፊያ ሳነሳ ነው። ስምንት ወር ምንም ስፖርት አልሠራሁም። ስድስቱ ወር የባከነው በሕመም ሳይሆን በፍርሃት ነው። በሉ እንጀምር።

ጥያቄ፦ አስም አለብኝ። የዲስክ መንሸራተት ከተባልኩም አራት ወር ሆነኝ። በየቱ ልጀምር፣ በትንፋሼ ወይስ በወገቤ?

በትንፋሽህ። ብዙ ሰው ወገቡ ስለሚያመው ወደ ወገቡ ይሮጣል፤ ግን አስበው፣ ስታስል ሆድህ ውስጥ ያለው ግፊት በአንዴ ይጨምርና ዲስኩን፣ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለውን ትራስ፣ ይጫነዋል። ሌሊት ሌሊት እያሳለህ የምታድር ከሆነ ቀን የሠራኸውን ሁሉ ሌሊቱ ያፈርሰዋል። ሌላም አለ። ከሳንባችን ሥር ያለው ዋናው የትንፋሽ ጡንቻ፣ ድያፍራም የሚሉት፣ ሥራው መተንፈስ ብቻ አይደለም፤ ከሆድና ከጀርባ ጡንቻዎች ጋር ሆኖ አከርካሪውንም ደግፎ ይይዛል። ትንፋሽ ሲያጥርህ ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለአየሩ ነው። ወገብህ ድጋፍ ይጎድለዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ራስህን ጠይቅ። በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ ማስታገሻ ፓፍ፣ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት፣ ትወስዳለህ? አስሙ ሌሊት ይቀሰቅስሃል? አንዱም ቢሆን አዎ ካልክ አስምህ ገና አልተያዘም፤ ከጂም በፊት ሐኪምህ ጋ ሂድ።

ጥያቄ፦ ከሩጫ በፊት ቬንቶሊን እነፋለሁ፤ ሌላ መድኃኒት የለኝም። ይበቃኛል?

አይበቃሽም። ቬንቶሊን፣ ማለትም ሳልቡታሞል፣ የጠበበውን የአየር ቧንቧ ይከፍታል እንጂ ቧንቧውን ያሳበጠውን ቁጣ አያበርደውም። እሱን የሚያበርደው በፓፍ የሚሳበው ስቴሮይድ ነው፣ እነ ቤክሎሜታዞን፣ እነ ቡዴሶናይድ። ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያም እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ አዋቂና ጎረምሳ በማስታገሻ ብቻ መታከም የለበትም ይላል። «ስቴሮይድ» ሲባል አትደንግጪ፤ ጡንቻ ለማሳበጥ የሚወስዱት አይደለም። ከነፋሽ በኋላ ግን አፍሽን በውኃ ተጉመጥመጪና ትፊው።

ሐኪሙ ከስፖርት በፊት ቬንቶሊን ውሰጂ ካለሽ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀድመሽ ይሁን። ጫማሽን እያሰርሽ ነፍተሽ ወዲያው መሮጥ ዋጋ የለውም። አነፋፉንም ለባለሙያ አሳዪ። እኔ ራሴ ለዓመታት ጉሮሮዬ ላይ ስረጨው ኖሬ ነው በኋላ ያረሙኝ።

ጥያቄ፦ እየሮጥኩ ደህና ነኝ። ሲር ሲር የሚለኝ ካቆምኩ በኋላ ነው። ይሄ አስም ነው?

ስፖርት የሚቀሰቅሰው አስም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ካቆሙ በኋላ ባሉት አምስት፣ አሥር ደቂቃዎች ይበረታል፣ ከዚያ በ30 እና በ60 ደቂቃ መካከል ይለቃል። ምክንያቱ ስንሮጥ በአፋችን ብዙ አየር በፍጥነት ስለምንስብ ነው፤ አየሩ ቧንቧውን ያደርቀዋል፣ የደረቀ ቧንቧ ደግሞ ይቆጣል። ደረቅና ብርዳማ አየር የሚያብሰውም ለዚህ ነው። በብርድ አፍህን በስካርፍ ሸፍን።

ትልቁ መድኃኒት ግን ማሟሟቅ ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በመሀሉ አጫጭር ፈጠን ያሉ እርምጃዎች ጣል እያደረግክ። በደንብ ያሟሟቀ ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ቧንቧው ቶሎ አይቆጣም። ስትጨርስም ድንገት አትቁም፤ እየተራመድክ አብርደው። ማሟሟቁ ለወገብህም ነው፣ ስለዚህ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።

ጥያቄ፦ አስም ያለበት ሰው ሯጭ ይሆናል?

እንግሊዛዊቷ ሯጭ ፓውላ ራድክሊፍ አስም አለባት። እ.ኤ.አ. በ2003 ለንደን ላይ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ጨረሰች፤ ያንን የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን ለ16 ዓመት የሰበረው አልተገኘም።

ጥያቄ፦ ወገቤን ሲያመኝ ዳይክሎፌናክ እውጣለሁ። አስሜ የባሰብኝ መሰለኝ፤ ይገናኛል?

ሊገናኝ ይችላል። ይህን ጥያቄ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ሁለቱ ሕመሞች የሚጋጩበት ቦታ ይሄ ነው። አስም ካለባቸው አዋቂዎች አንዳንዶቹን አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አስማቸውን ይቀሰቅሱባቸዋል፤ በዋጡ በግማሽ ሰዓት ወይም በሁለት፣ ሦስት ሰዓት ውስጥ። በተለይ አፍንጫው ሁልጊዜ የሚደፈን ሰው ይጠርጥር። መውሰዱን አቁሚና ለሐኪምሽ ንገሪ። ፓራሲታሞል ለአብዛኛው ሰው አያስቸግርም። «ወገብ ነው» ብለው በመርፌ ሊሰጡሽ ሲሉም አስም እንዳለብሽ ቀድመሽ ተናገሪ፤ ማንም አይጠይቅሽም።

ጥያቄ፦ ሰላም ልጄ። ዕድሜዬ 61 ነው። ለአስም ፕሬድኒሶሎን ኪኒን ለዓመታት ወስጃለሁ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሳስል ጀርባዬን ቆረጠኝ፤ እስካሁን አለቀቀኝም። ምን ዓይነት ስፖርት ልሥራ?

እናቴ፣ ለጊዜው ምንም አይሥሩ፤ መጀመሪያ ይታዩ። ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንት ያሳሳል፤ የሳሳ የአከርካሪ አጥንት ደግሞ በሳል ብቻ ሊሰነጠቅ ይችላል። ራጅ ይነሱ፣ የአጥንትዎንም ጥንካሬ ያስለኩ። እስከዚያ ጎንበስ ብለው ዕቃ አያንሱ። ኪኒኑን ግን በራስዎ ድንገት እንዳያቆሙ፣ አደገኛ ነው። ውጤቱን ሲያገኙ ይጻፉልኝ፣ ያኔ ስለ እርምጃ እናወራለን።

ጥያቄ፦ ጂም ተመለስኩ። ፕላንክ፣ በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝን፣ ስሠራ ትንፋሼ ይቋረጣል፣ ወገቤም ይንቀጠቀጣል። ደካማ ነኝ ማለት ነው?

ትንፋሽህን አፍነህ ነው የያዝከው። ወገቡን ያመመው ሰው ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው፤ ፈርተን ሰውነታችንን እንወጥራለን፣ ስንወጥር ትንፋሽ እናፍናለን። አስም ላለበት ሰው ይሄ ድርብ ዕዳ ነው።

ሁለት ደቂቃ ፕላንክ መያዝ ለፎቶ ነው። አሥር ሰከንድ ያዝ፣ ልቀቅ፣ ድገም። በጎን የሚሠራውን ፕላንክ በጉልበትህ ተደግፈህ ጀምር። ከሁሉም የምወደው ይሄኛው ነው፦ በእጅና በጉልበትህ ተደገፍ፣ ቀኝ እጅህንና ግራ እግርህን ዘርጋ፣ ጀርባህ ላይ ውኃ የሞላ ብርጭቆ የተቀመጠ ይመስል አትወዛወዝ፣ አሥር ሰከንድ፣ ከዚያ ቀይር። ስትይዝ ድምፅ አውጥተህ ቁጠር። የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን ሊያፍን አይችልም። ጂም ውስጥ ያሳፍራል? ይሁና። ክብደት ስታነሳም የምታስወጣው ሲከብድህ ነው፣ የምትስበው ሲቀልህ።

ሲት አፕ፣ በጀርባ ተኝቶ ቀና ማለቱን፣ ለጊዜው እርሳው። ከእንቅልፍ እንደተነሳህ ደግሞ ጭራሽ አትጎንበስ፤ ዲስክ ሌሊት ውኃ መጥጦ ስለሚያድር ጠዋት ላይ የተወጠረ ነው። ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቅ።

ጥያቄ፦ መዋኘትስ?

አየሩ እርጥብ ስለሆነ ለአስም ይመቻል፣ ውኃውም ክብደት ያቀላል። ቤት ውስጥ ያለ ገንዳ ክሎሪኑ የሚሸት ከሆነ ግን ደረትህን ሊያስቆጣ ይችላል። እንደ እንቁራሪት የሚዋኘው ወገብ ወደ ኋላ ስለሚያጎብጥ በጀርባ ዋኝ።

ጥያቄ፦ ኤምአርአይ ላይ ዲስኬ ወጥቷል። ዘመዶቼ «ተኛ፣ ከእንግዲህ ምንም አታንሳ» ይሉኛል።

ዘመድ ስለሚወድህ ነው፣ ግን ተሳስተዋል። ቢብስብህ አንድ ሁለት ቀን ረፍ፤ ከዚያ በላይ መተኛት ጡንቻህን ያላሽቀዋል እንጂ አያድንህም። ወገባቸውን ፈጽሞ አሟቸው የማያውቁ ሰዎችም ኤምአርአይ ቢነሱ የወጣ ዲስክ የሚታይባቸው ብዙ ናቸው። የወጣ ዲስክ ደግሞ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ ያለ ኦፕሬሽን ይሟሽሻል። ፎቶው አንተ ማለት አይደለም።

ይሄ ግን ከመጣ ቀልድ የለም፦ መቀመጫህና ብልትህ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካለህ ወይ ካመለጠህ፣ እግርህ እየሰነፈ ከሄደ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል። በአስም በኩል ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ካቃተህና ፓፉ ካልያዘልህ፣ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል።

ጥያቄ፦ እንዳበዛሁት በምን አውቃለሁ?

ስትሠራ ማውራት መቻል አለብህ፤ መዝፈን ካቃተህ ችግር የለም፣ ማውራት ካቃተህ ግን ቀንስ። ወገብህን በነገው ጠዋት ለካው። ስትሠራ ትንሽ ቢያምህና ሲነጋ ወደነበረበት ከተመለሰ ልክ ነህ። ሲነጋም ከባሰ አብዝተኸዋል፣ ወደ ኋላ መለስ በል። ሌላም ምልክት ልንገርህ። ሕመሙ ከወገብህ ወደ እግርህ ከወረደ መጥፎ ነው። ከእግርህ ለቆ ወገብህ ላይ ከተሰበሰበ፣ ወገብህ ትንሽ ቢጨምርብህም እንኳ፣ ወደ መዳኑ ነው። እኔ የጀመርኩት በሰባት ደቂቃ እርምጃ ነው። አዎ፣ ሰባት። ጎረቤቴ የረሳሁት ነገር ኖሮ የተመለስኩ መስሏት ነበር።

ጥያቄ፦ አንቺስ አሁን ትሮጫለሽ?

በሳምንት ሦስት ቀን፣ አምስት ኪሎ ሜትር፣ ቀስ ብዬ። ፓፌ ኪሴ ውስጥ ነው። ባለፈው ሐሙስ ዳገቱ ግማሽ ላይ ሳል ተነሳብኝ፤ ቆምኩ፣ ነፋሁ፣ ዞሬ በእግሬ ወደ ቤቴ ወረድኩ። ቅዳሜ ያንኑ ዳገት ወጣሁት።