ምስጢር ፍለጋ ለምትመጡ ልጆች

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ እህቴ ቤት ነበርኩ። ልጇ ስልኩን አቀበለኝና «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» አለኝ። ቪዲዮ ነው። የሚያስፈራ ሙዚቃ አለው። አንድ ዓይን ያለበት ሦስት ማዕዘን ይሽከረከራል። ተናጋሪው ባንኩንም፣ ዘፋኙንም፣ ጦርነቱንም የሚያዘው ኢሉሚናቲ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚሁ የኢሉሚናቲ ወረቀት ላይ ነው። «ነበሩ፤ ግን እንዲህ አልነበሩም» አልኩት። ፊቱ ቅር አለው። አቦል ላይ የጀመርነው ክርክር በረካ ላይም አላለቀም።

ይሄን የምጽፈው ለእሱና ለመሰሎቹ ነው። ታሪክ ለማጥናት ለምታስቡ፣ በተለይ ያ የአውሮፓ የአብርሆት ዘመን የሚባለው፣ 18ኛው ክፍለ ዘመን፣ ልባችሁን ለሳበው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜይ 1 ቀን 1776 በደቡብ ጀርመን፣ ባቫሪያ፣ ኢንጎልሽታት በምትባል ከተማ፣ አዳም ቫይስሃውፕት የሚባል የ28 ዓመት የሕግ መምህር ጥቂት ተማሪዎቹን ሰብስቦ ኢሉሚናቲ የሚባለውን ማኅበር አቋቋመ። ራሱን ጨምሮ አምስት ነበሩ። ዩኒቨርሲቲውን ለዘመናት ይዘውት የነበሩት ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ካህናት ናቸው። በ1773 የሮማው ጳጳስ ማኅበራቸውን ቢያፈርሰውም ሰዎቻቸው ከወንበራቸው አልተነሱም፤ አዲስ ሐሳብ ያለበትን መጽሐፍ በዓይነ ቁራኛ ነበር የሚያዩት። ልጁ መምህር ታዲያ ተደብቆ የሚያነብ ቡድን ሠራ። ምልክታቸው ጉጉት ነበረች። ለእነሱ የጥበብ ወፍ መሆኗ ነው፤ እኛ ዘንድ ጉጉት ቤት ላይ ከጮኸች ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

አዲስ ገቢው የጥንቶቹን ጸሐፊዎች ሴኔካንና ፕሉታርክን እንዲያነብ ይታዘዛል። በየወሩም የታሸገ ወረቀት ይጽፋል። ምን አነበብክ? ድክመትህ ምንድን ነው? በአለቃህ ላይ ቅሬታ አለህ? ከዚህ ሁሉ ምስጢር በታች ያገኘሁት ይሄንን ነው፤ መጽሐፍ የሚራቡ፣ አለቃቸውን የሚያሙ፣ መዋጮ ላይ የሚነታረኩ ልጆች። ከዕድር ስብሰባ ብዙም አይርቅም። ይሄ ቅር ካላችሁ ሙያው ለእናንተ አይደለም፤ ሳይረፍድ ሌላ ነገር ያዙ። ካላላችሁ ግን እነዚያ የወር ወረቀቶች ከየትኛውም ቪዲዮ ይልቅ እንቅልፍ ይነሷችኋል።

ስጀምር ያሸማቀቀኝን ስህተት ልንገራችሁ። ደብዳቤዎቹን ሳነብ አንዱ አባል «አቴና» ደርሶ መመለሱን ይጽፋል። እኔ ሆዬ ስለ ግሪክ ጉዞው ሁለት ገጽ ሙሉ ሞነጫጨርኩ። አስተማሪዬ አንብቦ መነጽሩን አወለቀና ሳቀ። በእነሱ ቋንቋ አቴና ማለት ሙኒክ ነው። ኤሌውሲስ ኢንጎልሽታት፣ ኤርዙሩም ደግሞ አይሽቴት ነው። ቫይስሃውፕት ስፓርታከስ ነበር የሚባለው፤ ማኅበሩን ያስፋፋለት ባሮን ክኒገ ደግሞ ፊሎ። ወሮቹን ሳይቀር በፋርስ ስም ነበር የሚጠሩት። አሥራ ሦስት ወር ቆጥሬ ላደግሁ ሰው የቀን አቆጣጠሩ አላስቸገረኝም፤ ጉድ የሠሩኝ ከተሞቹ ናቸው። ሰምና ወርቅ ስሰማ ያደግሁ ሰው ሰሙን ታቅፌ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ የአንድን ሳጥን ወረቀት የመጨረሻዋን ቅጠል ሳላይ ብዕር አላነሳም። እናንተም አታንሱ።

ጽሑፉን ማንበቡ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። የዘመኑ የጀርመን የእጅ ጽሑፍ ኩሬንት ይባላል። «ኤ» እና «ኤን» አንድ ዓይነት ሁለት ጭረቶች ይመስላሉ። «ዩ»ን ከእነሱ የምትለዩት ከላዩ ባለችው ትንሽ ቅስት ነው። ዘመናዊ ጀርመንኛ አቀላጥፌ እያወራሁ አንድ ገጽ ለማንበብ ሙሉ ቀን ይፈጅብኝ ነበር። የኔታ ፊት እንጨት ይዤ ፊደል እንደ ቆጠርኩት ሁሉ በ30 ዓመቴ እንደገና ቆጣሪ ሆንኩ። መፍትሔው እየገለበጡ መጻፍ ነው። እጃችሁ ሲለምደው ዓይናችሁም ይለምደዋል። ላቲንና ፈረንሳይኛም ያስፈልጋል። አቋራጭ የለውም፤ እኔም ፈልጌ አጥቻለሁ።

አሁን ወደ መብረቁ ልምጣ፤ የምወደው እሱን ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ታሪክ እንዲህ ይላል፦ ላንትስ የሚባል ቄስ የማኅበሩን ወረቀት ልብሱ ውስጥ ሰፍቶ ሲጓዝ መብረቅ መታው፤ ሬሳው ላይ ወረቀቱ ተገኘ፤ መንግሥትም ደንግጦ ማኅበሩን አገደ። እንዴት ያምራል! ሰውየው በእርግጥም በመብረቅ ሞቷል። ሬገንስቡርግ ውስጥ፣ ከቫይስሃውፕት ጋር ሳለ፣ ጁላይ 1785። ግን ቀኖቹን ደርድሯቸው። የባቫሪያው ገዢ ካርል ቴዎዶር እሱ ያልፈቀደውን ማኅበር ሁሉ ያገደው ጁን 22 ቀን 1784 ነው። ኢሉሚናቲን በስም ጠርቶ ያገደው ደግሞ ማርች 2 ቀን 1785። መብረቁ ከሁለቱም በኋላ የወረደ ነው። ዋናዎቹ ወረቀቶች የተገኙት ከዚያም ዘግይቶ፣ በ1786 ላንድስሁት ውስጥ የአንድ አባል ቤት ሲፈተሽ ነው። በማግስቱ ዓመት መንግሥት ራሱ አሳተማቸው።

ልብ በሉ፣ ይሄን ለማወቅ ሊቅነት አላስፈለገም። ወረቀትና እርሳስ፣ ሦስት ቀኖች፣ በቃ። የእህቴ ልጅም ሲከራከረኝ ቆይቶ ዝም ያለው ቀኖቹን ናፕኪን ላይ ስጽፍለት ነው።

እናንተ ደግሞ አትቸኩሉ፤ ምስጢር ሁሉ ተረት ነው ወደሚለው እንዳትሮጡ። ፈላስፋው አማኑኤል ካንት በዲሴምበር 1784 አንድ የበርሊን መጽሔት ላይ «አብርሆት ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ጽፏል። ጥያቄውን ከዓመት በፊት እዚያው መጽሔት ላይ፣ ለዚያውም በግርጌ ማስታወሻ፣ የጣለው ዞልነር የሚባል ቄስ ነው። ቄሱም የመጽሔቱ አዘጋጅ ቢስተርም ስማቸውን ደብቀው የሚሰበሰቡ «የረቡዕ ማኅበር» የሚባል ቡድን አባላት ነበሩ። ስለ ግልጽ ውይይት በተባለው ነገር ውስጥ በሩን ዘግቶ የተመካከረ ሰው እጅም አለበት። እኔ እስከ ዛሬ ይሄ ይገርመኛል።

ስለ እንጀራውም አልዋሻችሁ። ጀርመን ውስጥ ሕጉ አንድ ተመራማሪ እስከ ዶክትሬቱ 6 ዓመት፣ ከዚያም ሌላ 6 ዓመት በጊዜያዊ ውል እንዲሠራ ይፈቅዳል። ቋሚ ወንበር ጥቂት ነው። እኔን አንድ ዩኒቨርሲቲ ውሌን ሊያድስ ቃል ከገባልኝ በኋላ ሁለት ሳምንት ሲቀረው «ይቅርታ» አለኝ። ልጄ ገና ዳዴ ትል ነበር። አንድ ዓመት ተኩል በትርጉም ሥራ ነው ቤቴን ያቆምኩት፤ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ደብዳቤ፣ ያገኘሁትን ሁሉ። ስለዚህ ሌላ ሙያ በእጃችሁ ይኑር። ይሄን ቀደም ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ክረምት ያን ያህል ባልከሳሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቫይስሃውፕት ከባቫሪያ ሸሽቶ በመጨረሻ የተጠለለው እዚያው ጀርመን፣ ጎታ ከተማ ነው፤ የጎታው ገዢ ዱክ ኤርንስት ዳግማዊ ተቀበለው፤ በ1830 እስኪሞትም እዚያው ኖረ። እሱን ብዬ ጎታ፣ ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ካለው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ የት አገር ሰው እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ስነግራት «ከአገርዎ አንድ መነኩሴ እዚህ መጥተው እንደነበር ያውቃሉ?» አለችኝ። አባ ጎርጎርዮስን ማለቷ ነው። የዱኩ ቤተሰብ የሆነው ቀዳማዊ ኤርንስት በ1652 ግቢው ጋብዟቸው ነበር። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ አማርኛ የተማረውም፣ ግዕዙን ያጠናከረውም ከእሳቸው ነው። አባ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ ባሕር ቀርተዋል።

ሉዶልፍ በ1698 ፍራንክፈርት ያሳተመውን የአማርኛ ሰዋስው አመጣችልኝ። ገለጥኩት። ከላቲኑ መሃል የእኛው ፊደል፣ ወፈር ወፈር ብሎ፣ ትንሽ ተንጋዶ ተቀምጧል። እየጮኽኩ ማንበቤን ያወቅኩት ጎኔ የተቀመጠው ሰው ቀና ብሎ ሲያየኝ ነው። የቫይስሃውፕት ሳጥን ጠረጴዛው ላይ እንደተዘጋ ደወሉ ተደወለ።