ልጄን የት ክርስትና ላስነሳ?

ጥያቄ፦ እኔ ካቶሊክ ነኝ፣ ባለቤቴ ኦርቶዶክስ። ጋብቻችን የተባረከው በእኔ ቁምስና (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) ነው። አሁን የ2 ወር ሴት ልጅ አለችን። አማቴ በ80 ቀኗ በሰፈራችን ማርያም ክርስትና ትነሳ ብለው ቆርጠዋል። ባለቤቴ ዝም ብሏል። እኔ ደግሞ ልጆቼን በካቶሊክ እምነት ላሳድግ ቃል ገብቻለሁ። ጓደኛዬ «እዚያ አስነሺያት፣ በኋላ በድብቅ እናንተ ጋር ታስጠምቂያታለሽ» አለችኝ። ምን ይሻለኛል?
ጨንቆኛል፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ!

የጓደኛሽን ምክር እንዳትሰሚ። ጥምቀት አይደገምም። አንቺም አማትሽም በየቅዳሴያችሁ «ወነአምን በአሐቲ ጥምቀት» (በአንዲት ጥምቀት እናምናለን) ትላላችሁ። ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በኦርቶዶክስ የተጠመቀን እንደገና አታጠምቅም። ስለዚህ ቄሱ እውነቱን ካወቁ አያጠምቁልሽም፣ ካላወቁ ደግሞ ካህን አታለሽ ማለት ነው።

እኔን ያሳሰበኝ የባለቤትሽ ዝምታ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የምሥራቅ ካቶሊካውያን ቀኖና (የቤተ ክርስቲያን ሕግ) እንደሚለው፣ ካቶሊኩ ወገን ልጆቹ ሁሉ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁና እንዲያድጉ የሚቻለውን ሁሉ ለማድረግ ቃል ይገባል፤ ይህ ቃል ለሌላውም ወገን በጊዜው ይነገረዋል። ግን የሠርግ ሰሞን የሰው ልብ ድግሱ ላይ ስለሆነ ያኔ የሰማውን ረስቶት ይሆናል። ዛሬ ማታ ልጅቷ ስትተኛ አንሺበት። እናቱን አትክሰሺ። የገባሁት ቃል ይሄ ነው፣ አንተስ ምን ትላለህ በይው። እሱም እምነት አለው፣ ሊከፋው ይችላል፣ አድምጪው። ቃሉ «የሚቻለኝን ሁሉ» ይላል፣ ትዳሬን አፍርሼም ቢሆን አይልም።

ለአማትሽ መናገር ያለበት ደግሞ እሱ ነው። ምራት ስትናገር ንቀት ይመስላል።

ብዙ አረጋውያን ቤተ ክርስቲያናችንን የፈረንጅ አድርገው ነው የሚያዩዋት። በግዕዝ ሥርዓት ወደሚቀደስበት ቁምስና አንድ እሁድ ይዘሻቸው ሂጂ። አያቴ ኦርቶዶክስ ነበሩ። እኛ ጋር መጀመሪያ ያስቀደሱ ዕለት ግዕዙን፣ ከበሮውን፣ ጸናጽሉን ሲሰሙ «ይሄማ የኛው ነው» ብለው እንባቸው መጣ። እኛ ጋር ቆርበው አያውቁም፣ ልዩነቱም አልጠፋም፤ ካቶሊክ ስለሆነችው እናቴ የሚናገሩት ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለወጠ።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በቂ ምክንያት ካለ ከካቶሊኳ ክርስትና እናት ጎን ኦርቶዶክስ የሆነች ሴትም ክርስትና እናት ሆና መቆም ትችላለች፣ ቀኖናው ይፈቅዳል። ከባለቤትሽ ወገን አንዷን አክስት ጠይቁ። እሷም የነፍስ አባቷን መጠየቋ አይቀርም፤ እምቢ ካሉ አትቀየሚ።

ልጅሽ ጤነኛ ከሆነች፣ ተጨቃጭቃችሁ በ80ኛው ቀን ከምታስነሱ ተስማምታችሁ ጥቂት ሳምንት ቢዘገይ ይሻላል። ከታመመች ግን አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ባለቤትሽን ይዘሽ የቁምስናሽን ቄስ አነጋግሪ። የክርስትና ስሟንስ አማትሽ ቢያወጡላት?