ምስጋናው ለጨጓራ፣ ሥራው ለአንጀት

የዚህን ሳምንት ጥያቄዎች ሳነብ ሳቄ መጣ። ከአፍ ቢነሳም፣ ስለ ሰገራ ቢሆንም፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ ጨጓራ ላይ ያርፋል። ምስኪን አንጀትን የሚያስታውሰው የለም።

ጥያቄ፦ ዳቦ ብዙ ጊዜ ሳኝክ ጣፋጭ ጣፋጭ ይለኛል። ስኳር የሌለው ዳቦ እንዴት ይጣፍጣል? ጨጓራዬ ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ጨጓራዎ ገና ምንም አላየም። ስኳሩን የሠራው አፍዎ ነው። ዳቦ ውስጥ ያለው ስታርች እርስ በርስ የተያያዘ ረጅም የስኳር ሰንሰለት ነው፤ እንዳለ ቢቀምሱት አይጣፍጥም። ምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም ሲቆራርጠው ግን ማልቶስ የተባለ ስኳር ይወጣል። ምላስዎ ያገኘው እሱን ነው።

ጥያቄ፦ የጨጓራ አሲድ ሥጋ የሚፈጭ ከሆነ ጨጓራን ራሱን ለምን አይፈጨውም?

መልስ፦ ይሞክራል እኮ! የጨጓራ ግድግዳ ባይካርቦኔት ባለበት ዝልግልግ ንፍጥ ተሸፍኗል፤ አሲዱ ሥጋው ጋ ሳይደርስ ጉልበቱ ይሰበራል። የላይኞቹ ሴሎችም በየጥቂት ቀኑ በአዲስ ይተካሉ። ደግሞ ፕሮቲን የሚቆራርጠው ፔፕሲን የሚመረተው ሥራ ፈት ሆኖ ነው። የሚነቃው አሲድ ሲያገኘው ብቻ ነው።

ይህ ሽፋን ሲጎዳ ቁስለት ይመጣል። ለብዙ ዘመን ጥፋቱ በጭንቀትና በቅመም ሲሳበብ ኖሯል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ግን ዋናው ተጠያቂ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ነው አለ። የሚሰማው ሲያጣ በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣና ጨጓራው ተቆጣ። በ2005 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለሙ። እናንተ እንዳትሞክሩት ብቻ!

ጥያቄ፦ ለአጎቴ ጨጓራው ሙሉ በሙሉ በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ከእንግዲህ ምግብ እንዴት ሊፈጭለት ነው?

መልስ፦ እግዜር ይማረው። ሰው ያለ ጨጓራ ይኖራል። ሐኪሞቹ የምግብ ቧንቧውን በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ያገናኙታል። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ መብላት አለበት። ቫይታሚን ቢ12ንም በመርፌ ወይም ሐኪሙ ባዘዘው ሌላ መንገድ ይወስዳል፤ ይህን ቫይታሚን ለመምጠጥ የሚያስፈልገው ፕሮቲን የሚመነጨው ከጨጓራ ነውና።

ያለ ትንሹ አንጀት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ነው። ርዝመቱ 6 ሜትር ገደማ ነው። ጨጓራ ያቦካውን ምግብ ቀስ እያለ ይለቅለታል። ከዚያ ቆሽት ስታርቹንም ፕሮቲኑንም ቅባቱንም የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ይልካል፤ አሲዱንም ያበርደዋል። ጉበት የሠራው ሐሞትም ይመጣል። ሐሞት እንደ ሳሙና ነው፤ ራሱ ቅባት አይቆራርጥም፣ ወደ ጥቃቅን ጠብታ ይበትነዋል እንጂ። የቀረውን ላይፔዝ የሚባለው የቆሽቱ ቅባት ቆራጭ ኢንዛይም ይጨርሰዋል። የአንጀቱ የውስጥ ግድግዳ ደግሞ እንደ ፎጣ ጸጉራም ነው። ንጥረ ምግቡ ወደ ሰውነት የሚገባው በእነዚያ ጸጉር መሰል ነገሮች በኩል ነው። ጨጓራ በአብዛኛው ያዘጋጃል እንጂ አይመጥም።

ጥያቄ፦ ልጄ ማስቲካ ዋጠ። ጨጓራው ላይ ሰባት ዓመት ይለጠፋል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ተረት ነው። አይፈጭም እንጂ እንደ ሌላው ሁሉ በቀናት ውስጥ ይወጣል። ብዙ መዋጥ ግን አያስለምዱት፤ አንጀት ሊዘጋ ይችላል።

ጥያቄ፦ ስብሰባ ላይ ሆዴ ጮኸና አፈርኩ። ጨጓራ ባዶ ሲሆን ነው የሚጮኸው?

መልስ፦ አንጀትም ይጮኻል፤ ከምግብ በኋላም ይጮኻል። ሆድ ባዶ ሲሆን ግን በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ገደማ ከጨጓራ ተነስቶ በአንጀት የሚያልፍ ጠራጊ ማዕበል አለ። ፍርፋሪውን ወደ ታች ይገፋል። አየርና ፈሳሽ አብረው ሲገፉ ድምፅ ይፈጥራሉ፤ የሚያፈናቸው ምግብ ስለሌለም ጎልቶ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የበላሁት በቆሎ ሰገራዬ ላይ እንዳለ አየሁት። ጨጓራዬ ሰነፈ?

መልስ፦ ያዩት ቅርፊቱን ይሆናል። ቅርፊቱ ሴሉሎስ አለው፤ እኛ ሴሉሎስ የሚቆራርጥ ኢንዛይም የለንም። ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከአሰሩ ጥቂቱን ያብላሉታል፤ ጋዙም የነሱ ነው። ጨጓራዎን ይተዉት። ጥርስዎ ነው የሰነፈው።