መቀመጫ የሌለው ቤተ መንግሥት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤ በሁለት መስመር ልመልስ ጀመርኩና እንደማይበቃኝ ሳየው ለዛሬ አሳደርኩት። ሦስት ጓደኛሞች ሆናችሁ እዚሁ ጅማ ውስጥ፣ በጊቤ መንግሥታት ዘመን ላይ የተመሠረተ ምናባዊ የኦንላይን ጨዋታ እየሠራችሁ ነው። ጭራቁ አለ፣ ደረጃው አለ፣ ጦሩና ጋሻው አለ። «ገጸ ባሕርይ ይዘው፣ ማለትም አንድ ምናባዊ ሰው ሆነው እየተናገሩና እየኖሩ መጫወት የሚወዱት ሰዎች ግን መጥተው በሁለተኛው ቀን ይጠፋሉ፤ ምን ፈልገው ነው? ዐሥር ጭራቅ ብንጨምርስ?» ብለሻል። አትጨምሪ።

ለሙከራ የለቀቃችሁትን ገብቼ አየሁት። ጅሬን ወጣሁ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሰገነት ሥዕል ግሩም ነው፤ የእንጨቱ ፍልፍል እንኳን አልቀረም። ነገር ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ወደ ወንበሩ ስሄድ ገጸ ባሕርዬ ዘሎ ወንበሩ ላይ ቆመ። ከአንድ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚፈለፈልበት አገር ልጆች ሆናችሁ እንግዳ የማይቀመጥበት ቤተ መንግሥት ሠራችሁ ማለት ነው። እየቀለድኩ አይደለም፤ የጥያቄሽ ግማሽ መልስ ያለው እዚያ ወንበር ላይ ነው።

እኔ ገጸ ባሕርይ ይዞ መጫወትን የጀመርኩት በ2000 ዓ.ም. ግድም፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በነበረ አንድ ኢንተርኔት ቤት ነው። ሥዕል ያለበትን ጨዋታ ማውረድ የማይታሰብ ስለነበር በጽሑፍ ብቻ የሚሄዱትን ያዝኩ። የእነዚህ ሁሉ አባት እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር፣ በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትረብሾ የጀመረውና ሪቻርድ ባርትል የቀጠለው «መድ» የተባለ ጨዋታ ነው። ክፍሉ በቃላት ይገለጻል፤ የምታደርጊውን ትጽፊያለሽ፤ እዚያ ያለው ሰው ያነበዋል። ለያኔው የጅማ የኢንተርኔት መስመር ታስቦ የተሠራ ነበር የሚመስለው። በውጊያ ግማሽ ሰከንድ የዘገየ ሞተ ማለት ነው፤ በወግ መካከል ግማሽ ደቂቃ የዘገየ ሰው ግን እያሰበ ነው ተብሎ ይጠበቃል። ስለዚህ መስመሩ ቀርፋፋ የሆነበት ያገራችን ተጫዋች ለጨዋታችሁ ሸክም እንዳይመስልሽ፤ ገጸ ባሕርይ የሚጫወት ከሆነ ከማንም አያንስም።

በዚያ ዓለም ሌላው ሁሉ ጠንቋይና ፈረሰኛ ሲሆን እኔ እንጨት ጠራቢ ሆንኩ። ጨዋታው ውስጥ በርጩማ የሚባል ዕቃ አልነበረም። ከአስተዳዳሪዎቹ አንዱን ጠየቅኩት፤ «መግለጫውን አንተ ጻፈው፣ እኔ አስቀምጠዋለሁ» አለኝ። ሦስት መስመር ጻፍኩ፦ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ አንድ እግሩ ትንሽ ያጠረ፣ የተቀመጠበትን ሰው ወደ ግራ የሚያዘነብል። በጠጅ ቤቱ በር አጠገብ ተቀመጠ። ከዚያ የትምህርት ነገር መጣና ስምንት ወር ያህል ጠፋሁ። ስመለስ የይለፍ ቃሌን ረስቼው በአዲስ ስም፣ በአዲስ ሰው ገባሁ። በሩ ላይ የማላውቃት አንዲት ተጫዋች ቆማ ነበር፤ ልቀመጥ ስል «እዚያ አትቀመጥ» ብላ ጻፈችልኝ። «የጠራቢው ነው። እግሩን ሊያስተካክል መሣሪያ አመጣለሁ ብሎ ወጥቶ እስካሁን አልተመለሰም።»

እሷ ጨዋታውን የጀመረችው እኔ ከጠፋሁ በኋላ ነው። ታሪኩን ከሌላ ሰው ሰምታ ለእኔው ታወራልኛለች። በየትኛውም ጨዋታ ዘንዶ ገድዬ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። እኔ ነኝ ማለት ስላላስቻለኝ ቆሜ ጠጅ አዘዝኩ።

ምን ፈልገው ነው ላልሽው የእኔ መልስ ይኸው ነው፤ ያደረጉት ነገር ሌላ ሰው ዘንድ እንዲቆይ ይፈልጋሉ። ልጅ ሆነን ዕቃ ዕቃ ስንጫወት የነበረውን አስቢ። ጭቃው ወጥ ነው፣ የቆርቆሮ ክዳኑ ምጣድ ነው፣ ታናሽ እህት እናት ትሆናለች። ጨዋታውን የሚያጸናው ሌላው ልጅ ጭቃውን «ጣፈጠኝ» ብሎ መቀበሉ ነው። አንዱ ብቅ ብሎ «ይሄ እኮ ጭቃ ነው» ያለ ዕለት ዕቃው ይበተናል። የእናንተ ጨዋታ ደግሞ በየደቂቃው «ይሄ እኮ ጭቃ ነው» ይላል። ሁለት ሰዎች ሰገነቱ ላይ ስለ ጋብቻ ውል ሲነጋገሩ በመካከላቸው «እንኳን ደስ ያለዎት! ደረጃ 12 ደርሰዋል» የሚል የወርቅ ጽሑፍ ርችት እየተኮሰ ወጣ። እንዴት አይጠፉ?

ባርትል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው በጣም የታወቀ ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት መድቧቸዋል፤ ውጤት ሰብሳቢ፣ አሳሽ፣ ወዳጅ ፈላጊና ገዳይ። ጨዋታ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያነባል፤ አንቺም ጠቅሰሽዋል። ገጸ ባሕርይ መጫወትን እሱ ያስቀመጠው ከወዳጅ ፈላጊዎቹ ዘንድ፣ ለጭውውታቸው እንደ ማዋዣ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ወዳጅ ፈላጊው የቻት ሳጥን ከሰጠሽው ይበቃዋል፤ ስለ ቡና ዋጋም ስለ እግር ኳስም ያወራል። ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ግን ዓለሙ ራሱ እንዲመሰክርለት ይፈልጋል። በሩን ከዘጋ ይዘጋለት፤ ከተቀመጠ ይቀመጥ፤ ደብዳቤ ከጻፈ ደብዳቤው ከእጅ ወደ እጅ ይለፍ።

ይህን ቀድሞ የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው አልቲማ ኦንላይን የተባለው ጨዋታ ነው። ተጫዋቾቹ ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር፤ ዳቦ ይጋግሩ፣ ልብስ ይሰፉ፣ ባዶ መጽሐፍ ላይ የራሳቸውን ጽፈው ለሌላ ይሰጡ ነበር። በዚያው ዓመት፣ ጨዋታው ለገበያ ከመቅረቡ በፊት፣ የዓለሙ ንጉሥ ሎርድ ብሪቲሽ በሕዝብ ፊት ቆሞ ሳለ አንድ ተጫዋች በእሳት አስማት ገደለው። ንጉሡን የሚጫወተው የጨዋታው ፈጣሪ ሪቻርድ ጋሪየት ነበር። ማንም ያላቀደው ነገር ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይወራል። በዚያ ዓመት ስንት ሺህ የአጽም ጭራቅ እንደ ተገደለ ግን ማን ያስታውሳል?

ትናንሾቹ ነገሮች ላይ ልቆይ፣ ትልቁ ሥራ እዚያ ስለሆነ። መራመድ ጨምሩ። የእናንተ ሰዎች ሁልጊዜ ይሮጣሉ፤ ቀብር ላይ የሚሮጥ ሽማግሌ አየሁ። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ መሮጡ የተለመደው ሆኖ ለመራመድ አንድ ቁልፍ ነበረው፤ ያቺ ቁልፍ ለአብዛኛው ተጫዋች ምንም አልነበረችም፤ ለእኛ ግን ክብር ነበረች። የገጸ ባሕርይ ታሪክና መልክ የሚጻፍበት ቦታ ስላልነበረው ደግሞ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ተጨማሪ ፕሮግራም ሠርተው አከሉበት፤ ቶታል አርፒ 3 የሚባለው ከእነሱ አንዱ ነው። ሰው ያለ ክፍያ ተቀምጦ የሚሠራለት ነገር ከሆነ የምር ይፈለጋል ማለት ነው። እናንተ ከመጀመሪያው አንድ ገጽ ስጧቸው።

የመጻፊያ ሳጥኑን በተመለከተ የገመትኩት ነገር አለ። ረዘም ያለ ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ከዘጠና ፊደል ብዙም ሳልርቅ ቆረጠብኝ። ልኬቱን 255 ባይት (ኮምፒውተር ጽሑፍ የሚያስቀምጥበት መለኪያ) አድርጋችሁት ይሆናል። ለላቲን ፊደል 255 ባይት 255 ፊደል ነው፤ የእኛ ፊደል ግን ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው በዩቲኤፍ-8 አሠራር እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። በፊደል ቁጥር ለኩት እንጂ በባይት አትለኩት፤ ከዚያም ስፋቱን ቢያንስ በአራት እጥፍ ጨምሩት። ገጸ ባሕርይ የሚጫወት ሰው አንቀጽ ይጽፋል።

ይህን ደግሞ የውጭ አገር መመሪያ አይነግርሽም። በአንድ ቁልፍ የሚወጡት የእናንተ ድርጊቶች ሁሉ በወንድ የተጻፉ ናቸው። አንዲት ልጅ የንጉሥ እናት ሆና ስትጫወት ሳቅ የሚለውን ነካችና ማሽኑ «እመቤት እገሊት ሳቀ» ብሎ ጻፈባት። ሰገነቱ ላይ የነበርነው ሁላችን ሳቅን፤ ትዕይንቱ ግን አለቀ። ቢያንስ ሦስት መልክ ያስፈልጋል፤ ሳቀ፣ ሳቀች፣ ሳቁ። የትኛው እንደሚጻፍ ተጫዋቹ ይምረጥ። ‹አንተ› እና ‹እርስዎ› የሚለያዩበት ቋንቋ ለዚህ ጨዋታ ትልቅ ሀብት ነው። አንድ ባላባት ሲቆጣ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ሲወርድብሽ ጦር ከመምዘዝ ይብሳል። የሰፈራችን ሰው አፋን ኦሮሞም ስለሚናገር በሁለቱም ቋንቋ እንዲሠራ አድርጉት፤ ታሪኩ የጊቤ ነውና።

ስምም እንደዚሁ ነው። «ገዳይ2015» የሚባል ፈረሰኛ አጠገቤ ቢቆም እኔ ወጥቼ እሄዳለሁ። የስም ደንብ አውጡ። ከዚያ ያለፈ ሐሳብም አለኝ፤ የፈረስ ስም። አባ ጅፋር ራሱ የፈረስ ስም ነው፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበር። ተጫዋቹ ሲገባ የራሱን ስም ብቻ ይያዝ፤ የፈረስ ስሙን ግን ሌሎች ተጫዋቾች ተስማምተው ያውጡለት። በገንዘብ አይሸጥ፣ በደረጃም አይገኝ። ይህን ብትሠሩ ለዚያ ስም ሲሉ ወር ሙሉ የሚመላለሱ ሰዎች ታያላችሁ፤ አንዱ እኔ ነኝ።

ስለ ውጊያ አጭር ልሁን። ልምድ ያለው ተጫዋች «ጦሬን ወደ ትከሻው ሰነዘርኩ» ይላል፤ ጀማሪው «ትከሻውን ወጋሁት» ይላል። የመጀመሪያው ለሌላው ተራ ይተውለታል፤ ሁለተኛው የሌላውን ሰው አካል ራሱ ይጽፈዋል፤ ጠብ የሚነሣውም በዚህ ነው። በመግቢያችሁ ላይ ከሃያ ገጽ ደንብ ይልቅ እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ደግሞም ሁለቱ ከተስማሙ ማሽኑ ጣልቃ ሳይገባ ውጊያውን በጽሑፍ ይጨርሱት።

«ሁሉንም ተጫዋች ገጸ ባሕርይ እንዲይዝ እናስገድድ?» ላልሽው፣ ዋርክራፍት ለእኛ ዓይነቱ የተለየ ሰርቨር አዘጋጅቶ ነበር፤ እሱ ግን ሚሊዮኖች ነበሩት። እናንተ መቶ ሰው ሳይሞላችሁ ብትከፋፍሉት ሁለት ባዶ ከተማ ይኖራችኋል። ከስሙ አጠገብ ትንሽ ምልክት ይበቃል፤ ቤተ መንግሥቱንና ገበያውን ደግሞ በገጸ ባሕርይ ብቻ የሚነገርበት ስፍራ አድርጉት። ጭራቅ ማደን የሚፈልግ በጫካ ያድን።

ከሦስታችሁ አንዳችሁ ኮድ መጻፉን ትታችሁ በሳምንት ሁለት ማታ ተራኪ ሁኑ። ኔቨርዊንተር ናይትስ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ ዓለም መሥሪያውን ለተጫዋቹ ሰጠ፤ ተራኪው ሳይታይ ገብቶ በገበሬ ወይም በንጉሥ አፍ የሚናገርበትን መሣሪያም ጨመረበት። ጥቂት ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሠሯቸው ዓለማት እስከ ዛሬ ተጫዋች አላቸው። ተራኪው ትልቅ ድግስ አይደግስ፤ ሂርማታ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ ሆኖ ብቅ ይበልና «ባለፈው ሳምንት የሸጥሽልኝ ማር ውሃ ነበረው» ይበላት። ባለፈው ሳምንት የተደረገውን የሚያስታውስ ሰው እዚያ ዓለም ውስጥ ካለ ተጫዋቿ ትመለሳለች።

ይህን ስል ቂሜንም ልናገር። ስሙን የማልጠራው አንድ ጨዋታ ውስጥ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ቤት ነበረኝ፤ በግድግዳው ላይ የሞቱ ገጸ ባሕርያትን ስም የጻፍንበት ሰሌዳ ነበር። አንድ ቀን «ለተሻለ አገልግሎት» የሚል ማስታወቂያ ወጣና ዓለሙ እንደ አዲስ ተጀመረ። መሣሪያና ገንዘብ ለሁሉም ተመለሰ። ሰሌዳው አልተመለሰም፤ ስጠይቅ «ዋጋ ያለው ዕቃ አይደለም» የሚል መልስ መጣልኝ። በማግሥቱ ዐሥራ አንድ ሆነን ወጣን። ዳታቤዛችሁን ስታዘጋጁ መጠባበቂያ ቅጂ የምታስቀምጡለትን ስትመርጡ ወርቁን ሳይሆን ሰዎች የጻፉትን አስቀድሙ።

ክራሩን እንዲመታ ማድረጋችሁ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ የተቀዳ ዜማ ብቻ ነው የሚያሰማው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ ኦንላይን ተጫዋቹ በቁልፎቹ ድምፅ በድምፅ እንዲጫወት አድርጎ ነበር፤ ሰዎች ቡድን መሥርተው ኮንሰርት ያዘጋጁበታል። ክራር በአምስት ድምፅ ቅኝት ስለሚሄድ ለእናንተ ቀላል ነው፤ አምስት ቁልፍ ብቻ።

የመጨረሻው ነገር የጅማ ነገር ነው። ትናንት የጋብቻ ውሉን ሲነጋገሩ ከነበሩት አንዱ በዓረፍተ ነገሩ መካከል ድንገት ብን ብሎ ጠፋ፤ መብራት ሄዶበት እንደሆነ የገመትነው ዝናቡን ስለሰማን ነው። ልጅቷ ግን ትታት የሄደ መስሏት ተቆጣች። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ገጸ ባሕርዩን ከዓለሙ አታጥፉት። ዐሥር ደቂቃ ያህል እዚያው በተቀመጠበት ያንቀላፋ፤ ከጎኑ ያለው ጋቢ ሊደርብለት ይችላል። ይህን ለመሥራት ግን ቀድሞ መቀመጥ መቻል አለበትና ከበርጩማው ጀምሩ። ሠርታችሁ ስትጨርሱ መግለጫውን እንድጽፍላችሁ ከፈለጋችሁ እዚሁ መልእክት ተዉልኝ፤ ሦስት መስመር ነው የምጽፈው።