የጃማይካን ታሪክ ከማን ልጀምር ላልሽው

ሰላም እህቴ። ሻሸመኔ እንዳደግሽ ነግረሽን፣ «ስለ ጃማይካ ባነበብኩ ቁጥር ራስታና የጃንሆይ ጉብኝት ላይ ያቆምብኛል፤ የደሴቷን ታሪክ በደንብ የጻፉት እነማን ናቸው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ለንደን ነው የምኖረው። የባለቤቴ ወላጆች ጃማይካውያን ናቸው፤ የእሷን ዘር እንቁጠር ብለን ስንጀምር ነው ነገሩ የያዘኝ።

መጀመሪያ የሄድነው ኪው ወዳለው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። ከ1817 ጀምሮ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የጃማይካ ባለርስቶች በባርነት የያዙትን ሰው ሁሉ ማስመዝገብ ነበረባቸው። መዝገቡ ላይ ስም፣ የቆዳ ቀለም፣ ዕድሜ፣ አፍሪካ ተወለደ ወይስ እዚያው የሚል አለ። መጨረሻ ላይ ማስታወሻ፤ ብዙ ጊዜ የእናት ስም ነው። እኛ ግን በቤተሰብ ስም ስንፈልግ ግማሽ ቀን አቃጠልን። ሞኝነት ነው፤ ብዙዎቹ ከአንድ ስም በላይ የላቸውም። ከሰዓት በኋላ «ፊባ» የሚል አየሁ። በጋና አካኖች አሰያየም አርብ የተወለደች ማለት ነው። እንደ ከብት ሲቆጥሯት የተወለደችበትን ቀን አብረው ጻፉላት።

ለዚህ ነው ጌታው የጻፈውን ገልብጦ ማንበብ የሚችል ታሪክ ጸሐፊ ፈልጊ የምልሽ። በታሪክ ጸሐፊው በዳግላስ ሆል ጀምሪ። ቶማስ ቲስልውድ የሚባል እንግሊዛዊ በ1750 ጃማይካ ገብቶ እስከሞተበት እስከ 1786 ድረስ ማስታወሻ ጽፏል። ካቦ ሆኖ የሠራበት እርሻ ስሙ «ግብፅ» ነበር፤ ስም አወጣጣቸው ይገርማል! ማንን እንደገረፈ፣ የትኛዋን ሴት እንደደፈረ፣ ምን ያህል ዝናብ እንደዘነበ በአንድ ዓይነት ብዕር ይጽፋል። ሆል በ1989 ከዚያ ማስታወሻ መርጦ አሳተመ። እዚያም አንዲት ፊባ አለች። ከሰውዬው ጋር ከ30 ዓመት በላይ ኖራለች፣ ልጅም ወልዳለታለች፤ ነፃ እንድትወጣ ያዘዘው ግን በኑዛዜው ነው። እሷ ምን እንዳለች የጻፈልን የለም። ከባድ ንባብ ነው፣ ማታ አታንቢው።

ከዚያ ወደ ካማው ብራትዌት እለፊ። ባርቤዶሳዊ ነው፣ ገጣሚም ነው። በ1971 ባሳተመው ሥራው የጃማይካን ባህል ጥቁሩም ነጩም አብረው እንደሠሩት ይከራከራል። ሁሉም አይስማማበትም፤ እኔም ግማሽ ግማሹን ነው የምቀበለው።

ወረቀት የማይዘውን ደግሞ ሽማግሌዎች ይዘውታል። ኦሊቭ ሌዊን በየመንደሩ ዞራ የሕዝብ ዘፈን ሰበሰበች። በ1981 የተጀመረው «የጃማይካ የትዝታ ባንክ» የአዛውንቶችን ቃል ይቀርጻል።

ራስታን ዝለይ ማለቴ አይደለም። በ1960 ራሳቸው ራስታዎቹ የጃማይካውን ዩኒቨርሲቲ አጥኑን አሉ። የዩኒቨርሲቲው ምሁራን ስሚዝ፣ ኦዥየርና ኔትልፎርድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ኪንግስተንን ዞረው ሪፖርት ጻፉ። ለጥናት ሁለት ሳምንት ምን ይሆናል ትያለሽ፤ ግን በዚያ ሪፖርት ምክንያት ነው በ1961 የጃማይካ የልዑካን ቡድን አዲስ አበባ ድረስ የመጣው።

አንቺ ደግሞ ሰዎቹ ጎረቤቶችሽ ናቸው። ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ ስልክሽ ላይ ቅረጫቸው። የእናታቸውን ስም ሳትጠይቂ እንዳትነሺ።