መልስ፦ ለማጥቀሻ ያሞቅሽው አይብ ውሃና ጓል ለሆነብሽ

ችግሩ እሳቱ ነው። አይብ እንደ ፒዛ አይብ አይቀልጥም። እሳት ላይ ሲቆይ ውሃውን ይተፋል፣ ይደርቃል።

ግማሽ ኪሎ አይብ በንጹሕ ጨርቅ ጨምቂ። ከ4 የሾርባ ማንኪያ ወተት ጋር እስኪለሰልስ በብሌንደር ምቺው። 2 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ አቅልጪና እሳቱን አጥፊ። ከዚያ 1 የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ ጨምሪ። ቅቤው ቀልቶ ሽታው ሲያውድ አይቡን ገልብጪና በድስቱ ሙቀት ብቻ አማስዪ። ለብ ካለ ይበቃል። ሸክላ ሙቀት ስለሚይዝ በሱ አቅርቢው፤ በቆጮ ወይም በትኩስ ዳቦ እያጠቀሳችሁ ብሉ።

ጨው ግን ቀምሰሽ ጨምሪ። ሚጥሚጣው ብዙ ጊዜ ጨው አለው። እኔ ሳልቀምስ ጨምሬ እንግዶቼ አንዴ አጥቅሰው ተውት፤ እስካሁን ይቆጨኛል።