ዝንጅብልና ሎሚ፦ የትኛው ይፈላ?

ጥያቄ፦ የደሴ ብርድ ሲበረታ ዝንጅብልና ሎሚ ከነልጣጩ ቆራርጬ አንድ ላይ አፈላለሁ፤ ይሁን እንጂ መጠጡ ይመራል፣ የዝንጅብሉ ማቃጠልም እምብዛም አይሰማም። ጨጓራ ያለበት ባለቤቴስ ቢጠጣው ይጎዳዋል? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ምሬቱ የመጣው አብሮ ከፈላው የሎሚ ልጣጭ ነውና መፍላት ያለበት ዝንጅብሉ ብቻ ነው። አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል አጥበው ይውቀጡና፣ ከጥቂት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ጋር በ1 ሊትር ውኃ ጨምረው ከድነው ያፍሉት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው፤ ስለዚህ 20 ደቂቃ ያህል ይታገሡት፣ ቃናው እየጠነከረ ሽታው ቤቱን ያውደዋል። ካወረዱት በኋላ ብርጭቆው በእጅ ለመያዝ እስኪመች ለብ ሲል የሎሚና የብርቱካን ጭማቂ ይጭመቁበት፤ ቫይታሚን ሲ በሙቀት ይቀንሳልና። ማርም ያን ጊዜ ይጨመራል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ፈጽሞ አይሰጥም።

ለባለቤትዎ ሎሚውና ቁንዶ በርበሬው ይቅርባቸው፤ ቀጠን ያለ ዝንጅብል ከምግብ በኋላ ይሞክሩ፣ ካቃጠላቸው ያቁሙ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ። መጠጡ ጉሮሮን ያለሰልሳል እንጂ ጉንፋንን አያድንም።